የምንልከው ጠብታና ሕፃናቱ የጎደላቸው ነገር

ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው ሻንጣ ውስጥ ስልክና ቪታሚን አይጠፋም። «ለልጁ የአይረን ጠብታ ያዝልኝ፣ ከስቶብናል» የሚል መልእክት ያልደረሰው ዲያስፖራ ያለ አይመስለኝም። እኔም ተሸክሜ አውቃለሁ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ነገር ግን አሁን የእርዳታ ገንዘብ ሲደርቅ «እኛ እንሙላው» የሚለው ጥሪ በየቦታው ስለበዛ፣ ሕፃናቱ በእርግጥ ምን እንደጎደላቸው ማየት ይገባናል።

በአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት የቀነጨሩት እ.ኤ.አ. በ2000 58 በመቶ ነበሩ። በ2005 51፣ በ2011 44፣ በ2016 38 ሆኑ። ጥሩ ጉዞ ነበር። በ2019 ግን 37 ላይ ቆመ። የደም ማነሱ ደግሞ ይባስ ብሎ ወደ ኋላ ሄደ፤ በ2011 44 በመቶ የነበረው በ2016 57 በመቶ ደረሰ። በ2015 የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን በ2030 ለማስቀረት ነበር የተነሣው። ጊዜው ደርሷል ማለት ይቻላል።

ነገሩ የሚበላሸው ከስድስተኛው ወር በኋላ ነው። ሕፃን ሲወለድ ከእናቱ ይዞት የሚመጣው ብረት ስድስት ወር ገደማ ያቆየዋል። የእናት ጡት ወተት ደግሞ ብረቱ ትንሽ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ ድረስ ለሕፃን በቀን የሚመከረው 11 ሚሊግራም ነው፤ ለአዋቂ ወንድ 8 ነው። ያቺ ትንሽ ሆድ ከአባትየው የበለጠ ብረት ትፈልጋለች ማለት ነው። የምንሰጣት ግን ቀጠን ያለ አጥሚትና ገንፎ ነው።

«ጤፍ እኮ አይረን ነው» የሚል ሁሌም አይጠፋም። ጤፍ ውስጥ ብረት አለ፤ ከፊሉ ግን ከአውድማው አፈር የመጣ ነው። እህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ነገር ደግሞ ብረቱንም ዚንኩንም አስሮ ይይዛቸዋል። እንጀራ ስለሚቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ የሕፃኑ ገንፎ ግን ካልቦካ ዱቄት ነው የሚሠራው። በዚህ ላይ ጾም አለ። ሕፃን እንዲጾም ያዘዘ የለም፤ ሆኖም በብዙ ቤት በጾም ወራት ድስቱ እንዳይነካ ተብሎ እንቁላልም ሥጋም ስለማይሠራ ሕፃኑም ሳይፈልግ አብሮ ይጾማል።

የዚንክን ነገር ካነሣን፣ በራሳችን አገር የተሠራ ድንቅ ጥናት አለ። መላኩ ኡመታና ባልደረቦቹ አርሲ፣ ዶዶታ ሲሬ ውስጥ ከ6 እስከ 12 ወር ለሆኑ ሕፃናት በሳምንት ስድስት ቀን 10 ሚሊግራም ዚንክ ለስድስት ወር ሰጡ። ውጤቱ በ2000 ላንሴት ላይ ወጣ። ከቀነጨሩት መካከል ዚንክ ያገኙት በአማካይ 7 ሴንቲሜትር ሲያድጉ ያላገኙት 2.8 ብቻ አደጉ። እንዲህ ያለ ልዩነት በሌላ አገር ሁሉ አልተገኘም፤ እዚያ ግን የጎደለው በትክክል ያ ስለነበር ሠራ።

ታዲያ ጠብታውን ለምን አንልክም? ብረት እንደ ዚንክ አይደለማ። ፔምባ ደሴት፣ ታንዛኒያ ውስጥ ለብዙ ሺህ ሕፃናት ብረትና ፎሊክ አሲድ የተሰጠበት ጥናት ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደርጓል። ወባ በበዛበት በዚያ ቦታ፣ ብረት የወሰዱት ሕፃናት ላይ ሞትና ሆስፒታል መግባት ስለበዛ ነው። ይህ በ2006 ታትሟል። ስለዚህ ወባ ባለበት ቦታ ብረት የሚሰጠው ወባውን ከመከላከልና ከማከም ጋር ነው። አዲስ አበባ ያለችው እህታችሁና ጋምቤላ ያለችው አንድ አይደሉም ማለት ነው። ደግሞ ለእናትየው ብለን የምንልከው የአይረን ኪኒን ከረሜላ ይመስላል፤ ሕፃን ጥቂት ፍሬ ከዋጠ ሊሞት ይችላል። ይህንን ነግሮ የሚልክ ሰው ብዙም አላየሁም።

በእኔ አመለካከት እስካሁን የሠራው ነገር ጨው ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ጦርነቱ ሲነሣ ከአሰብ የሚመጣው አዮዲን ያለው ጨው ቀረ፤ በምትኩ የመጣው የአፍዴራ ጨው አዮዲን አልነበረውም። በ2011 አዮዲን ያለው ጨው በቤታቸው የተገኘ 15 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት አስገዳጅ ደንብ ወጣ፤ በ2016 89 በመቶ ደረሰ። ማንም በሻንጣ አልላከውም። መጠኑ በቂ መሆኑን ማረጋገጡ ላይ ግን አሁንም ክፍተት አለ፤ አዮዲን ያለበት ጨው ሁሉ የሚፈለገውን ያህል የለውም። የምግብ ላቦራቶሪ ባለሙያ የሆናችሁ አንባቢዎች የምትጠቅሙት እዚህ ጋ ነው።

በ2022 የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት ላይም ንጥረ ነገር መጨመር ግዴታ ሆኗል። ጥሩ ነው፤ ግን የፋብሪካ ዱቄት የሚገዛው በአብዛኛው ከተሜው ነው። ገበሬው የራሱን እህል ወፍጮ ቤት ወስዶ ያስፈጫል፤ ደንቡ እዚያ አይደርስም። ሕፃኑስ ስንት ዳቦ ይበላና?

በ2025 የዓለም ምግብ ፕሮግራም ገንዘብ ስለጨረሰ ኢትዮጵያ ውስጥ 650,000 በምግብ እጥረት የተጎዱ እናቶችና ሕፃናት ሕክምናቸው እንደሚቋረጥ አስታወቀ። ዩኤስኤይድም በዚያው ዓመት ተዘጋ። ይህን በየቤተሰባችን ቪታሚን በመላክ እንሞላዋለን ማለት ራስን ማታለል ነው። የቀረው ክፍተት በመንግሥት በጀት የሚሞላ ነው፤ እኛም ገንዘብ ካዋጣን ለሕክምናው ማዋጣት ይሻላል። በበጀቱ ጉዳይ ዝም ብለን ስለ ጠብታ ስናወራ ግን ጥያቄውን ከባለቤቱ ላይ እናነሣለታለን።

ባለፈው ወር ያው የተለመደው መልእክት ደረሰኝ። ደወልኩና ልጁ ተቅማጥ ይዞት እንደነበር ጠየቅሁ፤ ሁለት ጊዜ ይዞት ነበር። ከኦ.አር.ኤስ ጋር ዚንክ ተሰጥቶት ነበር? የመጀመሪያው ጊዜ ተሰጥቶት በሦስተኛው ቀን ተቅማጡ ሲቆም እሷም አቆመችው። ከ10 እስከ 14 ቀን መሰጠት እንዳለበት ማንም አልነገራትም። «ጤና ጣቢያ ወስደሽ የደሙን መጠን አስለኪለት፣ ውጤቱን ንገሪኝ» አልኳት፤ ለጠብታው ያሰብኩትን ብር ለእንቁላልና ለጉበት ላክሁላት። ቅር ብሏታል፤ የጎረቤቷ ልጅ የአሜሪካ ጠብታ ነው የሚወስደው።