የካርታው አደራ

የተቀበረ ወርቅ ፍለጋ የሚወጡ ልጆችን ታሪክ የሚያሳይ ፊልም በተነሣ ቁጥር፣ ይህ ዓይነቱ ተንቀሳቃሽ ሥዕል በሕፃናት ልቡና ፍቅረ ንዋይን ይዘራል፣ በወዝ የሚበላውን እንጀራ አስንቆ በአንድ ጀምበር የሚገኘውን ብልጽግና ያስመኛል የሚለው ፍርድ፣ ከመምህራንም ከወላጆችም አንደበት፣ ምርመራ እንደማያሻው እውነት ሆኖ ይሰማል። ፍርዱ ለልጆች ከማሰብ የመነጨ ስለ ሆነ አሳቢነቱን አከብራለሁ፤ ይሁን እንጂ ከነዚህ ፊልሞች አንዱን እንኳ እስከ ፍጻሜው ተቀምጦ ያየ ሰው የሚፈርደው ፍርድ አይደለም። ልጅን ከነአባቱ፣ አንዳንዴም ከነአያቱ፣ በአንድ ወንበር አስቀምጦ ትንፋሹን የሚያስውጠው አደራው ነው፤ ይኸውም በሕይወት የሌለ ሰው በብጣሽ ወረቀት ላይ ትቶት ያለፈው ምሥጢር፣ ታላላቆቹ ሁሉ ሳያስተውሉት ቀርተው፣ ለታናሹ መገለጡ ነው። ወርቁ ሰበብ ነው።

ለዚህ ምስክር አድርጌ የምጠራው፣ ስቲቨን ስፒልበርግ ታሪኩን አስቦት፣ ክሪስ ኮሎምበስ ጽፎት፣ ሪቻርድ ዶነር አዘጋጅቶት፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ለሕዝብ የቀረበውን «ዘ ጉኒስ» የተባለውን ፊልም ነው። ነገሩ የሚፈጸመው በአሜሪካ በኦሪገን ግዛት፣ አስቶሪያ በምትባል የወደብ ከተማ ነው፤ ባለጠጎች የሰፈሩን ቤቶች አፍርሰው የጎልፍ መጫወቻ ሊያደርጉት ስለ ተነሡ፣ ወላጆችም ቤታቸውን የሚያስቀርላቸውን ገንዘብ መክፈል ተስኗቸው ሊለቁ አንድ ቀን ብቻ በቀራቸው ጊዜ፣ ማይኪ የተባለው፣ ደረቱን አስም የሚያፍነው ልጅ፣ የቤተ መዘክር ሠራተኛ የሆነው አባቱ አሮጌ ዕቃ ባከማቸበት ቆጥ ላይ ከባልንጀሮቹ ጋር ወጥቶ፣ አንድ ዓይናው ዊሊ የተባለውን የባሕር ወንበዴ ሀብት የሚያመለክት፣ በስፓንኛ የተጻፈ ካርታ ያገኛል። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ልጁ ከቤቱ የሚወጣው የአባቱ ቤት እንዳይፈርስ፣ ጓደኞቹም እንዳይበተኑ ብሎ ነው።

ልጆቹ ካርታውን ተከትለው በምድር ውስጥ ሲሄዱ፣ ከነርሱ በፊት ያንኑ ወርቅ ብቻውን ሊፈልግ ገብቶ በቋጥኝ ተደፍጥጦ የቀረውን የቼስተር ኮፐርፖትን ዐፅም ያገኛሉ። ያ ዐዋቂ የወደቀበትን መንገድ ልጆቹ የሚያልፉት፣ አንዱ ስፓንኛውን ስለሚተረጉም፣ አንዱን በገዛ እጁ የሠራው መሣሪያ ከሞት ስለሚያድነው፣ አንዲቱም ቀድሞ የተማረችውን ፒያኖ እንደ ምንም አስታውሳ ከዐፅም የተሠራውን ኦርጋን ስለምትመታ ነው፤ ዜማው በተሳሳተ ቁጥር የቆሙበት ወለል ከሥራቸው ይናዳል። ሐዋርያው ስለ አንድ አካልና ስለ ብዙ ብልቶች የጻፈውን ለሕፃናት የሚያስተምር መምህር፣ ከዚህ ትርኢት የተሻለ ምሳሌ የሚያገኝ አይመስለኝም።

ልጆቹ በመጨረሻ የሚደርሱበትን የዊሊን መርከብ ዶነር በሙሉ መጠኑ አሠርቶ፣ ካሜራው እስኪነሣ ድረስ ለልጆቹ ተዋንያን ሳያሳይ ሰውሮት የነበረው፣ መርከቡን ሲያዩ በፊታቸው ላይ የሚነበበው አድናቆት የተጠና እንዳይሆን ነው። የፊልሙ ልብ ግን ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። ማይኪ በመርከቡ ውስጥ ከዊሊ ዐፅም ፊት ለፊት ብቻውን ይቆማል፤ እንደ ሬሳ ሳይፈራው፣ እንደ ዘመድ ያናግረዋል፤ ጓደኞቹ ደርሰው ዕንቁውን ሲያፍሱም፣ በሟቹ ፊት በሚዛን ላይ የተቀመጠውን ወርቅ ማንም እንዳይነካው ይከለክላል፣ የባለቤቱ ድርሻ ነውና። እግር በእግር ተከትለዋቸው የመጡት ወንበዴዎች፣ የፍራቴሊ ቤተሰብ፣ ያንኑ ወርቅ ባነሡ ጊዜ ወጥመዱ ይፈታል፣ ዋሻውም መናድ ይጀምራል። ፍቅረ ንዋይን ይሰብካል የተባለው ፊልም ፍርዱን በማን ላይ እንደ ሰጠ ለማወቅ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ልጆቹ ባሕሩ ዳር ሲደርሱ ባዶ እጃቸውን ናቸው፤ በማይኪ የብይ ከረጢት ውስጥ የቀረችው እፍኝ ዕንቁ ሰፈሩን ታድናለች፤ መርከቡ ግን ከነሀብቱ፣ ሰው ሳይኖርበት፣ ወደ ውቅያኖስ ሲቀዝፍ፣ ሁሉም ቆመው ይሸኙታል እንጂ አንድም የሚከተለው የለም።

ሌሎቹም ከዚህ አይርቁም። በ2004 በወጣው «ናሽናል ትሬዠር» አያት ለልጅ ልጁ የነገረው ምሥጢር በኒው ዮርክ ከሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሥር ሲገኝ፣ ሀብቱ ለዓለም ቤተ መዘክሮች ይታደላል። በ1989ኙ የኢንዲያና ጆንስ ፊልም፣ ልጁ ወደ ገደል ለወደቀው ጽዋ እጁን ሲዘረጋ፣ ተወው የሚለው አባቱ ነው፤ ጽዋው ይጠፋል፣ አባትና ልጅ ይተርፋሉ። በ1981 የወጣው የመጀመሪያው፣ ለትንንሾች ባይሆንም፣ እኛን ይመለከተናል፤ ጽላተ ሙሴ በአክሱም ጽዮን እንዳለ ለምናምን፣ ታቦቱን ከግብፅ አሸዋ ሲያወጡት ማየት ደስ አያሰኝም፤ ሆኖም ሊከፍቱት የደፈሩት በእሳት አልቀው ዓይናቸውን የጨፈኑት መትረፋቸው፣ የማይነካ ነገር መኖሩን ለሚያውቅ ሕዝብ እንግዳ ትምህርት አይደለም።

የባሕር ወንበዴ እንዴት ለልጅ አርአያ ይሆናል የሚሉ አሉ፤ ልጅ ግን ወንበዴነትን ከዐፅም አይማርም። ፊልም ሠሪዎቹ ራሳቸው ትርፍ ፈልገው ነው የሚለው ክርክርም፣ የብራና ጸሐፊ ዋጋውን ስለ ተቀበለ መጽሐፉ ሐሰት ነው እንደ ማለት ስለ ሆነ፣ መልስ አያሻውም።

የነዚህ ሁሉ ፊልሞች አባት፣ ዲዝኒም በ1950 ወደ ፊልም የመለሰው «ትሬዠር አይላንድ»፣ የተወለደው በአደራ ነበር። የመጽሐፉ ደራሲ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን በ1881 ክረምት፣ በስኮትላንድ በብሬማር፣ ከእንጀራ ልጁ ጋር ሥዕል ሲስል የአንዲት ደሴት ካርታ ነደፈ፤ ታሪኩም ከካርታው ወጣ። የመብራት ቤት መሐንዲስ የነበረው አባቱ ቶማስም እንደ ልጅ ተመስጦ፣ በታሪኩ ካሉት ወንበዴዎች በአንዱ ሣጥን ውስጥ የሚገኘውን ዕቃ ዘርዝሮ ሰጠው። ያ የመጀመሪያው ካርታ ወደ አሳታሚው ሲላክ ስለ ጠፋ፣ በአባቱ ጽሕፈት ቤት እንደ ገና ተነደፈ፤ በላዩ ያለውንም የሌላውን ወንበዴ፣ የካፒቴን ፍሊንትን ፊርማ፣ የእጅ ጽሕፈቱን ለውጦ የፈረመው ሽማግሌው አባት ራሱ ነው።