በሬውን መርምሮ፣ ኮምፒውተሩን በጭፍን

የእኛ አገር ሰው በሬ ሲገዛ እንዲህ በቀላሉ አይታለልም። ያሆዴ ሲቃረብ የሐዲያን፣ መሳላ ሲደርስ የከምባታን አባወራዎች ከብት ተራ ሄዳችሁ ተመልከቷቸው። ተሰባስበው ያጠራቀሙትን ገንዘብ በጉያቸው ይዘው ሰንጋውን ይዞሩታል። ጥርሱን ያያሉ፣ ሻኛውን ይጨብጣሉ፣ ጎኑን ይዳብሳሉ፣ ወዲያና ወዲህ ያስኬዱታል። ሻጩ "ግድ የላችሁም፣ እኔን እመኑኝ" ቢላቸው ይስቁበታል። ታዲያ ይኸው ጠንቃቃ ሰው፣ ሰንጋ የሚያስገዛ ብር ይዞ ለልጁ ኮምፒውተር ሊገዛ ሲገባ ምን ይነካዋል? ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ አይጠይቅም። መብራቱን አይቶ ይከፍላል።

የማወራው "የጌም ኮምፒውተር" እየተባለ ተገጣጥሞና ታሽጎ ስለሚሸጠው ዴስክቶፕ ነው። ጎኑ መስታወት፣ ውስጡ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መብራት የሚፈራረቅበት። ሆሳዕና ይሁን ዱራሜ፣ ሾኔ ይሁን ሺንሺቾ፣ ጌም የሚወድ ልጅ የሚያልመው እሱን ነው። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ያለቀለትን ሳጥን ከመግዛት ዕቃዎቹን አንድ በአንድ መርጦ እዚሁ ማስገጣጠም ይሻላል። ለኪስም ይሻላል፣ ለከተሞቻችንም ይሻላል። "አንተ የሥነ ጽሑፍ መምህር የነበርክ ሰውዬ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገህ?" የሚለኝ አይጠፋም። መጽሐፍን በሽፋኑ ከሚያደንቅ ተማሪ ጋር ስሟገት ነው ዘመኔን የጨረስኩት፤ ይኼም ያው ሙግት ነው።

ለመሆኑ ገንዘቡ የማን ነው? ብዙ ጊዜ የደቡብ አፍሪካ ገንዘብ ነው። ከሐዲያና ከከምባታ ስንት ወጣት ወደዚያ እንደሄደ ለእናንተ አልነግራችሁም። ወንድም በሰው አገር ሱቁ ውስጥ፣ ዛሬ ይዘርፉኝ ይሆን ነገ እያለ የሚያጠራቅመው ብር ነው። መንገዱንም እናውቀዋለን። በመጋቢት 2012 ሞዛምቢክ ውስጥ፣ ቴቴ በተባለው ግዛት፣ አንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። እንዲህ ባለ መንገድ ያለፈ ሰው የላከው ገንዘብ በመብራት ተታሎ የሚወጣ መሆን የለበትም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ከወጣ በኋላ፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ላይ መሳሳት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና እስቲ ሳጥኑን እንክፈተው።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው የኢንቴል ፕሮሰሰር በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያለውን ነው። ስለዚህ የሀብታም አገር መሥሪያ ቤቶች አራተኛና ስድስተኛ ትውልድ ማሽኖቻቸውን እያወጡ ይጥላሉ። የተጣለው ወዴት ይሄዳል? ወደ እኛ ዓይነቱ ገበያ ነዋ! ለጸሐፊ ተብሎ የተሠራ ማሽን በራሱ ነውር የለበትም፤ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ሒሳብ ይሠራል። ነውሩ አዲስ ልብስ አልብሶ፣ ርካሽ ግራፊክስ ካርድ ሰክቶ፣ መብራት አንጠልጥሎ "ጌሚንግ" ብሎ መሸጡ ላይ ነው።

ገዢው አንድ ነገር ሰምቷል፤ "ኮር አይ7 ከኮር አይ3 ይበልጣል"። ይበልጣል፣ እኩዮች ከሆኑ! እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው አይ7-2600 ግን በ2022 በወጣው አይ3-12100 ፊት ሽማግሌ ነው፤ ትንሹ አይ3 ጥሎት ይሄዳል። የሰንጋውን ዕድሜ በጥርሱ የሚቆጥር ሰው የፕሮሰሰሩን ዕድሜ በቁጥሩ ማንበብ ያቅተዋል? ከዚህ የከፋም አለ። ያረጀ ግራፊክስ ካርድ ውስጡ ያለው ፕሮግራም ተቀይሮ ራሱን በአዲስ ካርድ ስም እንዲጠራ ይደረጋል። በዓለም ገበያ የታወቀ ማጭበርበር ነው። ጂፒዩ-ዚ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ብዙዎቹን ያጋልጣል፤ ግን የታሸገ ሳጥን የገዛ ሰው ማን ብሎ ይፈትሻል?

ለእኛ ከሁሉ የሚብሰው ፓወር ሰፕላዩ ነው። መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚመታው እሱ ነው። ቁጠባ የሚጀመረውም እሱ ላይ ነው፤ ዓይን አያየውም፣ መብራት የለውማ። በመደበኛ ልክ የተሠራ ከሆነ ሲቃጠል አውጥቶ ሌላ መተካት ነው። ዴልና ኤችፒን የመሳሰሉ ኩባንያዎች ለቢሮ ከሚሠሯቸው ማሽኖች ብዙዎቹ ግን ቅርጹም ሶኬቱም የራሳቸው ነው። ትንንሾቹ ላይ አቅሙ ራሱ ከ200 ዋት ብዙም አይርቅም፤ ደህና ግራፊክስ ካርድ ብቻውን ያንን ያህል ይውጣል። አንድ ቀን ጭስ ይላል፤ ምትክ ፍለጋ ከሆሳዕና መርካቶ፣ ከመርካቶ ባዶ እጅ ወደ ሆሳዕና።

"ያለቀለቱ እኮ ዋስትና አለው" ይሉኛል። ዋስትናው ዱባይ ነው፣ ማሽኑ ዱራሜ። ማን ይሸከመዋል?

"ያለቀለቱ ይረክሳል" የሚሉኝም አሉ። አንዳንዴ እውነት ነው፤ አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 በቺፕ እጥረት ጊዜ ግራፊክስ ካርድ ለብቻው ሰማይ ነክቶ ነበር፤ በብዙ አገር ሙሉ ኮምፒውተር መግዛት አዋጣ። በ2025 መጨረሻም የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ሜሞሪ ሲሻሙ የራም ዋጋ ተተኩሷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ያለቀለትን የሚገዛ ሰው አልወቅስም። ግን ርካሽ መሆኑን በምን አወቀ? ውስጡ ያለው በስም ተዘርዝሮ፣ የእያንዳንዱ ዋጋ ተደምሮ እንጂ! ስሌቱን የሚችለው ደግሞ መገጣጠም የሚያውቅ ሰው ነው። ለነገ ሥራ ዛሬ ማሽን የሚያስፈልገውም ይግዛ፤ ከፍቶ አይቶ ይግዛ።

"ማን ይገጣጥመዋል?" ይህችኛዋ ጥያቄ ናት የምታናድደኝ። ኬዝ፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰር ከነማቀዝቀዣው፣ ራም፣ ኤስኤስዲ፣ ግራፊክስ ካርድ፤ ከስምንት የማይበልጥ ነገር ነው። አብዛኛው በቦታው ካልሆነ በሌላ ቦታ እንዳይገባ ሆኖ የተሠራ ነው። ጥንቃቄ የሚሻው ፕሮሰሰሩን ማስቀመጥ ነው፤ እሱንም ቀስ ብሎ። አንድ መፍቻ፣ ግማሽ ቀን። እናቶቻችን እንሰቱን ፍቀው፣ ቀብረው፣ አብላልተው፣ ቆጮውን ከቡላው ለይተው የሚያወጡ ባለሙያዎች ናቸው። የእነሱ ልጆች ስምንት ዕቃ መግጠም ያቅታቸዋል ማለት ስድብ ነው።

አባቶች ደግሞ "ለጌም ነው ይኼ ሁሉ?" ይላሉ። ጌም ብቻ ቢሆን እኔም አልጽፍም ነበር። ጌሙን የሚያጫውተው ግራፊክስ ካርድ ግን የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብረውም፣ የሕንፃ ንድፍ በሦስት አቅጣጫ የሚያሳየውም ነው። ልጁ በጌም ሰበብ የሥራ መሣሪያ ቤት አስገብቷል። መሣሪያው ምን እንደሆነ ካወቀ ነው ታዲያ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሆሳዕና ከነሐሴ 2015 ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ኮምፒውተር የተማረ ልጅ አላት። ያ ልጅ ዲግሪውን ይዞ ሥራ አጥቶ ይቀመጣል። ጎረቤቱ ከደቡብ አፍሪካ በመጣ ገንዘብ፣ ሌላ ሰው ሌላ አገር የገጣጠመውን ሳጥን ያስመጣል። ሳጥኑ ሲበላሽ የሚከፍተው ሰው ይጠፋል፤ ልጁ ከፍቶ አያውቅማ። ልጁም ተስፋ ቆርጦ ሻንጣውን ያዘጋጃል። ወዴት? ገንዘቡ ወደመጣበት! ወንድሙ የሞት መንገድ አልፎ የላከው ብር፣ እዚህ አንድ ሰው ሥራ ሳያስይዝ፣ አንድ ሙያ ሳያስተምር ወደ ውጭ ይመለሳል። ገጣጣሚው ከየማሽኑ የሚያገኘው የእጅ ዋጋ ትንሽ ትመስላለች። ሙያ ግን በየትም አገር የሚጀመረው በእንዲህ ያለች ትንሽ ገንዘብ ነው።

ስለዚህ ያሆዴ ላይ በሬ የምትመርጡ አባወራዎች፣ ሱቅ ስትገቡ ጎኑን አስከፍቱ። የፓወር ሰፕላዩን ዋት አንብቡ። የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር በወረቀት አስጽፉ። ጌሙ ለግማሽ ሰዓት እየሮጠ ፊታችሁ ይታይ። ሻጩ "አይከፈትም፣ ታሽጎ ነው የመጣው" ካላችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡና የሰፈራችሁን ልጅ ጥሩት። ዕቃውን ይዘርዝር፣ ይግጠም፣ የእጁን ክፈሉት። ደቡብ አፍሪካ ያለው ወንድም ደውሎ "ኮምፒውተሩ ተገዛ?" ሲላችሁም "ተሠራ" በሉት።