የጋብቻ እኩልነት ሕግ ከአዲስ አበባ እስከ ለገዳዲ

የአዲስ አበባ ነዋሪ ከሚጠጣው ውኃ ከፊሉ የሚመጣው ከለገዳዲ ግድብ ነው። የዋና ከተማዋ የጋብቻ ሕግ ግን ከ1992 እስከ 1995 ዓ.ም. በለገዳዲ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ አይሠራም ነበር።

እንደሚታወቀው በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት አድርጎ ነበር። በአንቀጽ 635 መሠረት የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ባል ሲሆን፣ ሚስት ሕጋዊ በሆነ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ትገደድ ነበር። የመኖሪያውን ስፍራ የሚመርጠውም ባል ነው። አንቀጽ 646 ደግሞ ባል የቤት ሠራተኛ ለመቅጠር አቅም ካነሰው የቤቱን ሥራ ሚስት እንድትሠራ ያዛል፤ ሕግ አውጪው እስከ ጓዳ ድረስ ዘልቆ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ተጋቢዎች በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ድንጋጌው በዝርዝር ሕግ እንዲተረጎም ሲወተውት ቆይቷል። ውጤቱም በሰኔ 1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። አዋጁ ዕድሜውን ለሁለቱም 18 ዓመት አደረገ፤ የቤተሰቡንም አስተዳደር ለባልና ለሚስት በእኩልነት ሰጠ።

በሌላው ዓለም የጋብቻ እኩልነት ሲባል በአመዛኙ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን የሚመለከት ሆኗል። ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ2001፣ ደቡብ አፍሪካ በ2006 ፈቅደውታል። በኢትዮጵያ ሕግ ጋብቻ የወንድና የሴት ሲሆን፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ያስቀጣል። በመሆኑም እዚህ ሕጉን ያስለወጠው ክርክር በባልና በሚስት እኩልነት ላይ ያተኮረ ነበር።

የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የክልሎች በመሆኑ አዋጅ 213 የሚጸናው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ብቻ ነው። ኦሮሚያ የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 69/1995 እስኪያወጣ ድረስ በዙሪያው ከተሞች የቀድሞው ሕግ ቀጠለ። በእነዚያ ዓመታት ከወሰኑ ወዲህ ማዶ በ15 ዓመቷ ልትዳር የምትችል ልጅ፣ ወዲያ ማዶ በሕግ የተጠበቀች ነበረች። የአማራ ክልልም በዚያው ዓመት አዋጅ ቁጥር 79/1995ን አውጥቷል። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 648 ያለዕድሜ ጋብቻን በመላ አገሪቱ ወንጀል አድርጎታል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከተሞቹ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። አሁን ክርክሩ ከአንቀጾቹ ይልቅ በማስረጃው ላይ ነው፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተወለደች ልጅ 18 ዓመት አለመሙላቷን በልደት ምስክር ወረቀት ማስረዳት ብዙ ጊዜ ይቸግራታል።