የሮቦቶቹ ተራ አስከባሪ ማን ይሆናል?

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወስደውን ዳገት የምታውቁ ሰዎች የዛሬውን ጽሑፍ ለመከተል አትቸገሩም። በዚያ መንገድ ላይ ሚኒባስ እያቃሰተ ይወጣል፤ የጭነት መኪና ይወርዳል፤ አህያ አለ፤ ማገዶ ተሸክመው ጎንበስ ብለው የሚወርዱ እናቶች አሉ፤ ንጋት ላይ ደግሞ ሯጮች አሉ። የሁሉም ባለቤት ይለያያል፣ ፍጥነታቸውም አንድ አይደለም። ቢሆንም ይተላለፋሉ። ሹፌሩ ክላክስ ነካ ያደርጋል፣ አህያ ነጂው አህያውን ወደ ዳር ይመልሳል፣ ባለ ሸክሟ ጥጓን ትይዛለች። ስብሰባ ተቀምጠው አልተስማሙም፤ ግን የጋራ ቋንቋ አላቸው።

አሁን ያንን የጋራ ቋንቋ አንሡት። ሚኒባሱ ቻይንኛ ብቻ ይስማ፣ አህያው ጀርመንኛ ብቻ ይግባው፣ የጭነት መኪናው ደግሞ ከራሱ ድርጅት መኪኖች በቀር ሌላውን ሁሉ እንደ ድንጋይ ይቁጠር። ዳገቱ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይዘጋል።

ዛሬ በዓለም ላይ ብዙ ሮቦት በሚሠራባቸው መጋዘኖች፣ ፋብሪካዎችና ሆስፒታሎች የገጠመው ችግር ይኸው ነው። አንድ ድርጅት መደርደሪያ የሚሸከመውን ሮቦት ከቻይና ይገዛል፤ ጋሪ የሚጎትተውን ከዴንማርክ፤ ሰው አልባውን ፎርክሊፍት ከጀርመን፤ ወለል የሚያጸዳውን ከሌላ አገር። እያንዳንዱ ከራሱ ሶፍትዌር፣ ከራሱ ካርታና ከራሱ መቆጣጠሪያ ስክሪን ጋር ይመጣል። ሁለቱ ጠባብ ኮሪደር ላይ ሲገናኙ አንዱ ለሌላው ግድግዳ ነው። ሁለቱም ይቆማሉ፤ ሁለቱም ከፊታቸው ያለው ነገር እስኪነሣ ይጠብቃሉ። በመጨረሻ አንድ ሠራተኛ ይመጣና አንዱን ወደ ጎን ያደርገዋል። በብዙ ሺህ ዶላር የተገዛ ማሽን በሰው ጉልበት ሲገፋ ማየት ያስቃል፤ ከፋዩን ግን አያስቅም።

ለዚህ ችግር የተገኘው መፍትሔ ለእኛ አዲስ አይደለም። ተራ አስከባሪ ነው።

ታክሲ ተራ ላይ ያለውን ሰው አስቡት። ሚኒባሶቹ የእሱ አይደሉም፣ አይነዳቸውም። ግን ማን እንደሚጭን፣ ማን እንደሚጠብቅ፣ ማን መንገድ እንደሚለቅ የሚወስነው እሱ ነው። ለሮቦቶች ይህን የሚያደርግ ሶፍትዌር አለ። እያንዳንዱ ማሽን የት እንዳለ፣ ምን እንደ ጫነ፣ ባትሪው ስንት እንደ ቀረው ያያል፤ ከሕንፃው ሊፍትና በር ጋር ይነጋገራል፤ ሥራውን ያከፋፍላል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጨመረው እዚህ ላይ ነው። የትኛው ኮሪደር ከደቂቃዎች በኋላ እንደሚጨናነቅ ይገምታል፤ ሁሉም በአንድ ሰዓት ቻርጅ ለማድረግ እንዳይሰለፉ አስቀድሞ ያፈራርቃቸዋል።

ጥቅሙ የወሬ አይደለም። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2025 አንድ ሚሊዮንኛውን ሮቦት ሥራ ላይ ማዋሉን ሲያስታውቅ፣ ዲፕፍሊት የተባለ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል የሮቦቶቹን የጉዞ ጊዜ በ10 በመቶ እንደሚያሻሽል አብሮ ተናግሯል። አዲስ ሮቦት ሳይገዛ፣ ተራውን በማስተካከል ብቻ 10 በመቶ ማለት ነው። ነገር ግን አማዞን ሮቦቶቹን ራሱ የሚሠራ ድርጅት ነው። ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸውና መግባባት አያቅታቸውም። ከየአገሩ እየለቀመ ለሚገዛ ሰው ከባዱ ነገር ብልህ ሶፍትዌር ማግኘት አይደለም፤ ማሽኖቹ አፍ እንዲከፍቱ ማድረግ ነው። ሻጩ በሩን ከቆለፈ የዓለም ምርጥ አስተውሎትም ውጭ ቆሞ ይቀራል።

በሩ ሲቆለፍ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ታሪክ አለ። ኪቫ ሲስተምስ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ለተለያዩ ድርጅቶች የመጋዘን ሮቦት ይሸጥ ነበር። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2012 በ775 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ ከዚያ በኋላ ኪቫ ለሌላ ሰው መሸጡን አቆመ። መጋዘናቸውን በኪቫ ላይ የገነቡ ደንበኞች ሜዳ ላይ ቀሩ። ከእነሱ አንዱ የነበረው ኳየት ሎጂስቲክስ ሌላ አማራጭ ሲያጣ ሮቦቱን ራሱ ወደ መሥራት ገባ፤ ዛሬ የታወቀው ሎከስ ሮቦቲክስ የተወለደው ከዚያ ነው። የማሳቹሴትስ ኩባንያ ስለ ሆነ መሐንዲስም ባለ ገንዘብም በአቅራቢያው አገኘ። አዲስ አበባ ያለ ድርጅት እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥመው የሚያደርገውን እናውቃለን፤ ማሽኑን በሸራ ሸፍኖ ጥግ ያስቀምጠዋል።

"እኛ ገና መብራት ሳይቆራረጥ ማደር አቅቶን ስለ ሮቦት ተራ ታወራለህ?" የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ግን በሽታው አስቀድሞ እቤታችን ገብቷል የሚል ነው፤ ሮቦት የሚል ስም ስላልያዘ አላወቅነውም እንጂ። በሆስፒታሎቻችን ያሉ የላቦራቶሪ መመርመሪያ ማሽኖች ብዙዎቹ "ዝግ" የሚባሉ ናቸው፤ ከአምራቹ ሪኤጀንት በቀር አይቀበሉም። ሪኤጀንቱ ሲያልቅ ጤነኛው ማሽን ይቆማል፣ ታማሚው ወደ ግል ላቦራቶሪ ይላካል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 41 ባቡሮች ነበሩት፤ መለዋወጫ እየጠፋ የሚንቀሳቀሱት ከግማሽ በታች የሆኑበትን ጊዜ ሁላችንም በሰልፍ ቆመን አይተናል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለከል ደግሞ ኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ሰው የቻይናው የቻርጅ መሰኪያ ከአውሮፓው ጋር እንደማይገጥም ተማረ። የኖኪያን ወፍራም ፒንና ቀጭን ፒን የሚያስታውስ ትውልድ በዚህ መገረም አልነበረበትም።

ሮቦት የሚመስሉ ነገሮችም መጥተዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2009 ዓ.ም. ያስመረቀው የካርጎ ተርሚናል ጭነትን ራሳቸው አንሥተው መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጡ ማሽኖች አሉት፤ ከቀድሞው ጋር በዓመት 1 ሚሊዮን ቶን ያህል የማስተናገድ አቅም ተሰጥቶታል። በቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ በመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ በዓመት 60 ሚሊዮን መንገደኛ፣ ሲጠናቀቅ 110 ሚሊዮን እንዲያስተናግድ የታሰበ ነው። ያን የሚያህል ኤርፖርት ሻንጣ የሚያጓጉዝ፣ ወለል የሚያጸዳ፣ ካርጎ የሚያነሣ ማሽን ከአንድ አምራች ብቻ ሊገዛ አይችልም። በአንድ ጊዜም አይገዛም፤ በአሥር ዓመት ውስጥ እየተጨመረ የሚሄድ ነው። ስለዚህ የተቀላቀለ የማሽን መንጋ መኖሩ አይቀርም። ጥያቄው ተራ አስከባሪው ከሻጮቹ አንዱ ይሆናል ወይስ እኛ ነው።

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ተራውን የያዘው ሰው ሳንቲሙንም ይሰበስባል፤ ይህን ታክሲ ተራ ላይ እናያለን። የመጀመሪያው ሻጭ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌሩን ከማሽኑ ጋር "በነጻ" ይሰጥሃል። ሁለተኛ ማሽን ከሌላ አምራች ልትጨምር ስትል ለማገናኛው ክፈል ይልሃል። ዋጋውን የሚቆርጠው እሱ ብቻ ነው፤ የፈቃድ ክፍያው በየዓመቱ ይታደሳል፣ በዶላር። በዚያ ላይ እነዚህ ማሽኖች ካሜራ አላቸው፣ የሕንፃውን ካርታ በዝርዝር ይይዛሉ። ያ መረጃ በየትኛው አገር ኮምፒውተር ላይ እንደሚያርፍ የሚወስነው ተራ አስከባሪው ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን፤ መረጃው ቀድሞ ከወጣ በኋላ አዋጁን ይዞ መሮጥ ግን ውሃ ከፈሰሰ በኋላ ነው።

ከዚህ መውጫ መንገዱ ይታወቃል፤ ሌሎች ሄደውበታል። የጀርመን መኪና ኢንዱስትሪ ማኅበር ከማሽነሪ አምራቾች ማኅበር ጋር ሆኖ ቪዲኤ 5050 የተባለ የመነጋገሪያ ስምምነት አዘጋጅቷል። ማንኛውም ሰው አልባ ተሽከርካሪ ትእዛዝ የሚቀበልበትን፣ ያለበትን ሁኔታ የሚናገርበትን አንድ ወጥ አነጋገር ይደነግጋል። ልብ በሉ፣ የመኪና ፋብሪካዎቹ የእነዚህ ማሽኖች ገዢዎች ናቸው። ሻጭ በራሱ ፈቃድ በሩን አይከፍትም፤ ገዢው ነው "በዚህ ቋንቋ ካልተናገረ አልገዛህም" የሚለው። ስምምነቱ ፍጹም አይደለም። መጀመሪያ የታሰበው በተሰመረ መስመር ለሚሄዱ ተሽከርካሪዎች ስለ ነበር መንገዳቸውን ራሳቸው ለሚመርጡ ሮቦቶች ጠቧቸዋል፤ እያሻሻሉት ነው።

ለእኛ የበለጠ የሚቀርበው ግን የሲንጋፖር ነው። ቻንጊ ጄኔራል ሆስፒታል መድኃኒት፣ ምግብና አልባሳት የሚያመላልሱ የተለያዩ ኩባንያዎች ሮቦቶች አሉት፤ ሁሉም የሚሻሙት ደግሞ ያንኑ ሊፍት ነው። በዚያች አገር የጤና ተቋማት ተነሣሽነት የተጀመረው ሥራ ዛሬ ኦፕን አርኤምኤፍ ተብሎ ይታወቃል፤ የተለያዩ ሮቦቶችን፣ ሊፍትንና በርን በአንድ ላይ የሚያስተዳድር፣ ማንም አውርዶ ሊጠቀምበትና ሊያሻሽለው የሚችል ክፍት ሶፍትዌር ነው። ሲንጋፖር ሮቦቶቹን ሁሉ ራሴ ልሥራ አላለችም። ተራውን ያዘች።

እኛም አንድ ጊዜ እንዲህ አድርገናል፤ ያደረግነውም እዚያው እንጦጦ ጋራ ላይ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጠቀችው ኢቲአርኤስኤስ-1 ሳተላይት በቻይና ድጋፍ ተሠርታ ከቻይና ምድር ነው የተነሣችው። መቆጣጠሪያና መረጃ መቀበያ ጣቢያዋ ግን ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ባሉበት በእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ እንዲሆን ተደረገ፤ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችም በሥራው ሠለጠኑበት። ሳተላይቷ ትንሽ ነበረች፣ ዕድሜዋም አጭር። የተቺዎቹን ነገር አልክድም። የውሉ አስተሳሰብ ግን ትክክል ነበር፦ ማሽኑን መግዛት ይቻላል፣ መሪውን ግን እቤት አስቀምጥ። ይህ አስተሳሰብ ለሳተላይት ሲሠራ ለላቦራቶሪ ማሽንና ለካርጎ ማንሻ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

የሥራ ጉዳይ ይነሣል፤ መነሣትም አለበት። በግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በሌለበት አገር ሮቦት በየፋብሪካው ይርመሰመሳል ብዬ አልሰጋም፤ የሰው ጉልበት ከማሽኑ ይረክሳልና። (ከእንጦጦ ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች የሚተካ ማሽን ለመሥራት የተጣደፈ ባለሀብት አላየሁም። ሸክሙ ስለ ቀለለ አይደለም፣ ርካሽ ስለ ሆነ ነው።) ማሽኑ የሚመጣው ስሕተት ብዙ ገንዘብ ወደሚያስከፍልበት ቦታ ነው፤ ካርጎ፣ ኤርፖርት፣ መድኃኒት መጋዘን። እዚያም ሲመጣ የሚጠፉ ሥራዎች አሉ፣ መካድ አያስፈልግም። የሚፈጠሩት ሥራዎች ግን በአብዛኛው የማገናኘት፣ የመጠገንና የመቆጣጠር ናቸው። መሪው በሻጩ እጅ ከሆነ እነዚህም ሥራዎች ወደ ሻጩ አገር ይሄዳሉ። የእኛ ሰው ሥራውን ያጣል፣ ምትኩን ሥራ ደግሞ ሌላ ያገኛል። የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ችሎታው የለንም የሚለውን አልቀበልም። አይኮግ ላብስ የሶፊያን ሶፍትዌር በመሥራት ከተሳተፉት አንዱ ነበር፤ ሶፊያ በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትመጣ ከሁሉ በላይ የተወራው የአካሏ ክፍል ያለበት ሻንጣ ፍራንክፈርት መቅረቱ መሆኑ የእኛን ነገር ያሳያል። አሻንጉሊቷን አየን፣ ውስጧ ያለውን የልጆቻችንን ሥራ ረሳን። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም አለ። ሠልጣኙ ሰርተፍኬቱን ይዞ ከወጣ በኋላ የሚሠራበት ምን አዘጋጀንለት? ማሽንን ከማሽን ማገናኘት ፋብሪካ አይጠይቅም፤ ኮምፒውተር፣ ክፍት ስምምነትና የሚሞከርበት ማሽን ነው የሚጠይቀው። የመጨረሻውን ማቅረብ የሚችለው መንግሥት ነው።

የኢትዮጵያ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ከሦስት አምራቾች የተገዙ ሦስት ተራ ሮቦቶችና አንድ ሊፍት ያሉበት የሙከራ ክፍል ቢከፍት ወጪው ከአንድ ትልቅ ኤክስፖ የሚበልጥ አይመስለኝም። የመንግሥት ግዥ ሰነድ ላይ ደግሞ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጨመር፦ ማሽኑ በክፍት ስምምነት መነጋገር አለበት፤ የመቆጣጠሪያው ቁልፍና መረጃው ርክክብ ላይ ለገዢው ይሰጣል። ጨረታው ሳይወጣ የሚጻፍ ዓረፍተ ነገር ዋጋው ወረቀት ነው። ከፊርማ በኋላ የሚጠየቅ ከሆነ ሻጩ የፈለገውን ይጠራል።

በመሥሪያ ቤታችሁ የይለፍ ቃሉ በሻጩ እጅ ቀርቶ የቆመ ማሽን ካለ ጻፉልኝ። የእናንተንም የመሥሪያ ቤቱንም ስም ሳልጠራ፣ ምን ዓይነት ውል እንዳቆመው በሚቀጥለው ጽሑፍ አነሣዋለሁ።