መስመሩ ካልታመነ ጥቅሙ የት አለ?

ባለሥልጣናት ስለ ብሮድባንድ ጥቅም ሲናገሩ ብዙውን ጊዜ ከዓለም ገበያ ይነሳሉ። የጀልዱ ድንች በኢንተርኔት ባሕር ተሻግሮ የሚሸጥ ያስመስሉታል። ለምዕራብ ሸዋ ትናንሽ ነጋዴዎች ግን ኢንተርኔት የሰጠው ጥቅም ከዚህ ይልቅ ቅርብ ነው፤ መንገድ አስቀርቶላቸዋል። ከአምቦ መርካቶ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደርሶ መልሱ አንድ ቀን ይበላል፣ ሱቅ ያዘጋል። መንገዱ ሰላም በሚያጣበት ሰሞን ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። ዛሬ ባለሱቁ የጨርቁን ፎቶ በቴሌግራም አይቶ ይመርጣል፣ ሒሳቡን ከስልኩ ይልካል፣ ዕቃው ተጭኖ ይመጣለታል።

በአምቦ ዩኒቨርሲቲ ዙሪያ ያሉትን የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤቶች ተመልከቱ። ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ንግድ ፈቃድ የሚያሳድሰው ይመጣል፤ የፈተና ውጤት ሲወጣ ተማሪው ይሰለፋል፤ የዲቪ ምዝገባ ሲከፈት የሚሞላው ይጎርፋል። ለእነዚህ ቤቶች ወረቀትና ቀለም ትርፍ ዕቃ ነው ማለት ይቻላል፤ የሚሸጡት ኢንተርኔት ነው። «ሲስተም የለም» በተባለ ቀን ኪራዩ ብቻ ይቆጥራል።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲጀመር ብዙዎች የስልክ ካርድ መሙያ አድርገው ነበር ያዩት። በ2014 ማብቂያ ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ ያለ መያዣ ማበደር ሲጀምር ነገሩ ተለወጠ። የገንዘብ ዝውውሩ ራሱ የብድር ምስክር ሆነ፤ ቤትና መሬት ለሌላት ጉልት ቸርቻሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ የሚመጣው ክፍያው ላይ ነው። ደንበኛው «ልኬልሃለሁ፣ ይኸው ስክሪንሾት» ይላል። የባለሱቁ ስልክ ግን መልእክት አልገባለትም፤ ኔትወርክ የለም። በተቀነባበረ ስክሪንሾት የተበላ ነጋዴ አለና ዕቃውን አይለቅም። ሐቀኛው ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል፣ ወይም ይናደድና ይሄዳል። አንድ ሁለቴ እንዲህ የሆነበት ሻጭ «በካሽ ብቻ» ብሎ ይለጥፋል፤ እኔም አልፈርድበትም።

ከዚህ የባሰው ኢንተርኔቱ ሆን ተብሎ ሲዘጋ ነው። የአምቦው ልጅ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ተገደለ፤ በማግስቱ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለሦስት ሳምንት ገደማም ቆየ። ከዚያ ጥቂት ወራት አስቀድሞ ምዕራብ ወለጋ፣ ቄለም ወለጋና ሆሮ ጉድሩ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ስልክም ኢንተርኔትም አጥተው ነበር። ጸጥታ ለማስከበር ነው ይባላል። ይሁን እንበል፤ ታዲያ የዚያን ሰሞን ኪሳራ ለምን ባለሱቁ ብቻውን ይሸከማል? በ2012 ቴሌብር አልነበረም። ዛሬ ቢደገም በ*127# ገንዘብ መላክ ይቻል ይሆናል፣ የቴሌግራሙ ትእዛዝና የባንኩ መተግበሪያ ግን ይቆማሉ።

በሰኔው መዘጋት መጀመሪያ የተመለሰው በገመድ የሚገባው የመደበኛ ብሮድባንድ ነበር፤ የሞባይል ዳታ ከዚያ በኋላ ነው የተለቀቀው። በገመድ የሚጠቀሙት ሆቴሎች፣ ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ባለሱቁ የሚኖረው በየዕለቱ በሚገዛው የሞባይል ጥቅል ስለሆነ ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በየካቲት 2012 የመደበኛ ብሮድባንድ ዋጋ 65 በመቶ ቀንሷል፤ ቅናሹ ለጉደርና ለጌዶ ባለሱቅ የሚጠቅመው ግን ገመዱ እደጁ ሲደርስ ነው። በጋራ ሕንፃ ያሉ ሱቆች አንድ መስመር ተካፍለው ቢያስገቡ ከጥቅል መግዛት የሚረክስላቸው ይመስለኛል።

ወደ ኪሳራው ጥያቄ ስንመለስ፣ ሃጫሉ ከመገደሉ አራት ቀን አስቀድሞ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት ቶጎ በ2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኢንተርኔት መዝጋቷ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ለከሳሾች ካሳ እንድትከፍል ወስኗል። እኛ በዚያ ፍርድ ቤት ሥልጣን ሥር አይደለንም፤ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ግን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ተቋቁሞ አለልን። አገልግሎት በተቋረጠባቸው ቀናት ልክ የደንበኛው ጥቅልና ወርሃዊ ክፍያ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ሳይጠይቅ እንዲመለስለት ያስገድድልን።