ሦስት ሰኞ

የእህቴ ልጅ ሆስተስ ናት። የዋሽንግተን በረራ ሲደርሳት ከሆቴሏ ታክሲ ይዛ ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ ቤት ትመጣለች፤ ሽሮዋን ትበላለች፣ ሶፋው ላይ ጋደም ትላለች፣ በነጋታው ትሄዳለች። ባለፈው ስትመጣ እንደ ልማዴ «የት የት ከረምሽ?» አልኳት። ጓንዡ፣ ሎሜ፣ ዱባይ፣ ለንደን እያለች በጣቷ ቆጠረችልኝ። ከአራቱም ያስታወሰችው የሆቴሉን መጋረጃ ነው። ሆስተስ ለሥራ ስትሄድ አገር አታይም፣ እንቅልፏን ነው የምታየው።

«ዕረፍቴን ግን ካኮ ሄጄ መጣሁ» አለች።

«እሱ ደግሞ የማን አገር ነው?»

የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ ትሪው ላይ አስቀመጠችው። «ያንቺ ነዋ፣ አክስቴ!»

አትሳቁብኝ። ይህን ከምታነቡት ውስጥ ካኮን በካርታ ላይ የሚያሳየኝ ስንት ሰው ነው? የጂንካን ስም እንኳ ብዙዎቻችን ልብ ብለን የሰማነው በኅዳር 2018 ዓ.ም የማርበርግ በሽታ እዚያ መገኘቱ በዜና ሲነገር ነው። ያኔ በየቤቱ ተደዋወልን፤ «ከአዲስ አበባ ምን ያህል ይርቃል?» ተባባልን። እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ ያስጨነቀን የጂንካ ሰው ሳይሆን የቆረጥነው ትኬት ነበር። ወሬው ሲበርድ ስሙም አብሮ ከአፋችን ጠፋ።

ካኮ ከጂንካ ወደ ቀይ አፈር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የበናዎች ትንሽ ከተማ ናት። በነሐሴ 2015 ዓ.ም የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት አሪ ራሱን የቻለ ዞን ሆኖ ጂንካ እዚያ ገባች፤ ካኮ ደቡብ ኦሞ ውስጥ ቀረች። እኛ እዚህ ሆነን ሁሉንም «ደቡብ» ብለን እናልፈዋለን። ክልሉ ስንቴ ቢከፈል ለእኛ ያው የሠርግ ጭፈራ ነው፤ አዳራሽ ተከራይተን እንዘልበታለን፣ ከየት እንደመጣ አንጠይቅም።

መንገዱ ሩቅ ሆኖብን ነው እንዳንል፣ ሩቁን መንገድ እኮ እንሄደዋለን። ከዋሽንግተን ደለስ የተነሳው አውሮፕላን 13 ሰዓት ያህል ሳያርፍ በርሮ ቦሌ ያወርደናል። ስንመለስ ግን መሐል ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ያርፋል። ልጅቷ እንዳስረዳችኝ ነገሩ የቦሌ ከፍታ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያልፋል፣ አየሩ ስስ ነው፣ ስለዚህ አውሮፕላኑ ሙሉ ሰው፣ ሙሉ ጭነትና ሙሉ ነዳጅ አንድ ላይ ይዞ መነሳት ይከብደዋል። እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ በበርበሬያችን ክብደት ይመስለኝ ነበር።

ከቦሌ ጂንካ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአውሮፕላን ግን ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። የድሮው ማረፊያ ከተማው መሐል ያለ የሣር ሜዳ ነበር፤ አውሮፕላን በማይመጣበት ሰዓት ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ዛሬ ደህና ማረፊያ ተሠርቶለታል። የእህቴ ልጅ የሄደችው በሠራተኛ ትኬት፣ ቦታ ሲተርፍ ጠብቃ ነው። እኛ ግን ገንዘቡን ከፍለን፣ ቦታችንን አስይዘን መሄድ የምንችለው ሰዎች፣ ሦስት ሳምንታችንን ከቦሌ እስከ ሲኤምሲ ተመላልሰን እንጨርሰዋለን። ከዚያ ተመልሰን «አገር ቤት ከርመን መጣን» እንላለን።

በዚያ አገር ሳምንት የሚቆጠረው በገበያ ነው። ሰኞ ካኮና ቱርሚ፣ ማክሰኞ አልዱባ፣ ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ጂንካና ዲመካ። የቱሪስት መኪና ሰኞ ሰኞ ወደ ሐመሮቹ ቱርሚ ስለሚገሰግስ ካኮን በመስኮት አይቷት ያልፋል፤ ልጅቷ የመረጠቻትም ለዚህ ነው። ከደጋው አሪዎች ቡናቸውን፣ ቆጯቸውንና ሸክላቸውን ይዘው ይወርዳሉ። በናዎቹ ማር፣ ቅቤ፣ ማሽላና ፍየል ያመጣሉ። ሴቶቹ ግማሽ ቅል እንደ ቆብ ደፍተው ይመጣሉ፤ ፀሐይ ሲበረታ ጥላ ነው፣ ሲጠማቸው አውርደው ይጠጡበታል። ወንዶቹ ትንሽ ብርኩማ ከእጃቸው አትለይም፤ ቀን ይቀመጡባታል፣ ሲተኙ ትራስ ትሆናቸዋለች። «እኛ ለአሥር ሰዓት በረራ የአንገት ትራስ፣ የዓይን መሸፈኛ፣ ካልሲ እናድላለን» አለችና ሳቀች። «እነሱ በአንድ እንጨት ጨርሰውታል።»

ገበያው ዳር ሸፈሮ የሚሸጡ እናት አጠገብ ተቀመጠች። ሸፈሮ የቡና ገለባ ተፈልቶ በሾርቃ፣ በቅል ጽዋ፣ የሚጠጣ ነው። ሴትዮዋ አማርኛ አይችሉም፤ አንድ ተማሪ ልጅ ያስተረጉማል። ሥራሽ ምንድን ነው ተባለች። «ሰማይ ላይ ለመንገደኛ ቡና እቀዳለሁ።» ሴትዮዋ አሰቡ አሰቡና «አይደፋም?» አሏት። ይደፋል አለቻቸው። ከዚያ በኋላ አስተርጓሚውም ብዙ አላስፈለገ፤ ሁለቱም ቡና ቀጂዎች ናቸዋ።

ስልኳን ተቀብዬ ፎቶዎቹን ፈለግኩ። ሾርቃው አለ፣ የማር ቅሉ አለ፣ መንገዱ አለ፤ ሰው የለም።

«ሰዎቹስ?»

«አላነሳሁም።»

«ያስከፍላሉ አሉ፤ ለዚያ ነው?»

ዝም ብላ ቆየች። «አክስቴ፣ የእኔም እኮ ፊቴ ሥራዬ ነው። የሀበሻ ቀሚስ ለብሼ ሳስተናግድ ስንቱ ሳይጠይቀኝ ስልኩን ፊቴ ላይ ይደቅናል መሰለሽ። አንዳንዱ ስሜን እንኳ ሳያነብ ይወርዳል፤ ደረቴ ላይ ተጽፎ! ግን እኔ ደሞዝ አለኝ። እነሱ ብር ቢጠይቁ ምን ይገርማል?»

ይህን ስሰማ ያለፈው ዓመት አንድ የለቅሶ ቤት ወሬ ትዝ አለኝ። ከደቡብ ኦሞ ጉብኝት የተመለሰ ወንድማችን «ሕዝቡን ቱሪስት አበላሽቶታል፣ በአንድ ፎቶ ብር ይቆጥራል» እያለ ሲያማርር ሁላችንም ራሳችንን ነቅንቀን ነበር። ያው ሰውዬ ልጁን ሲድር ለፎቶ አንሺው በሺህ የሚቆጠር ዶላር ከፍሏል፤ ፎቶ አንሺውን ግን ማንም «ተበላሸ» አላለውም። ፊቱን የሚያቀርበው የበናው ሰው ሲሆን ነው ክፍያው ብልግና የሚሆንብን። እኔ በበኩሌ የሚያስከፍሉትን ደግፌያለሁ። የፈረንጅ ቴሌቪዥን አገራችንን በረሃብ ፎቶ ብቻ አሳየ ብለን 40 ዓመት ሙሉ ያልተቆጣን የለንም፤ ከመካከላችን ጥቂቱ ጂንካ ሲደርስ ግን ከኪሱ የሚያወጣው መነጽር ያው የፈረንጁ ነው። ወገኑን «ጥንታዊ» ይለዋል። ዋጋ ሳይጠይቅ ያነሳል፣ ማር ሳይገዛ ይመለሳል።

እዚያ ደርሶ ሰው ፊት ስልክ ባይደቀን የሚሠራ ሞልቷል። ማሩን መግዛት ይቻላል፤ ሸክላውንም፣ ለመመለሻ ካልከበደ። ጂንካ ኮረብታው ላይ ያለውን የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም ገብቶ ማየት ይቻላል፤ ገበያ ላይ ያየነው ነገር ምን እንደሆነ እዚያ ይገባናል። «ክረምት ስለሆነ ጭቃ ነው» ለምትሉኝም መልስ አለኝ፦ ቆላው ደቡብ ኦሞ ዋና ዝናቡን የሚያገኘው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። እኛ ልጆቻችን ትምህርት ሲዘጋላቸው ሐምሌ ላይ ሄደን አዲስ አበባ ዝናብ ሲደበድበን፣ እነሱ ዘንድ ይልቁን ደረቅ ነው።

እና እኔስ? የዘንድሮ ትኬቴን ቆርጫለሁ፤ ሦስት ሳምንት አይሞላም። ልጅቷ የግድግዳ ካሌንደሬን አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ሦስት ሰኞ አለሽ» አለች፣ በእስክሪብቶ እየከበበች። የመጀመሪያው ሰኞ በደረስኩ ማግስት ነው፤ ዘመድ ሊጠይቀኝ ይመጣል፣ ትቼ ብወጣ ይቀየሙኛል። ሁለተኛው የእሑድ ሠርግ መልስ ነው። «ሦስተኛውስ?» የቤት ካርታዬን ጉዳይ ለመጨረስ ክፍለ ከተማ ተቀጥሬያለሁ።

«ማክሰኞ አትቀርቢም?»

«ማክሰኞማ ማታ በረራዬ ነው።»

ምንም አላለችም። ካሌንደሩን ምስማሩ ላይ መልሳ ሰቀለችው፤ ሦስቱ ክቦች ቀይ ሆነው ከሩቅ ይታያሉ። ከቦርሳዋ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ሰጠችኝ፤ ሾርቃ ነው፣ ጭስ ጭስ ይላል። ከዚያ ሌሊት መኪናው ስለሚወስዳት ሶፋው ላይ ተጠቅልላ ተኛች። እኔ ስልኬን አንስቼ ክፍለ ከተማ ጉዳዬን የያዘልኝን ልጅ ቀጠሮውን ከሦስተኛው ሰኞ በፊት ወዳለው ዓርብ ያዞርልኝ እንደሆን ጻፍኩለት። አዲስ አበባ ገና አልነጋም ነበር፤ እስካሁን አልመለሰልኝም።