ያልተጻፈው ሥራ

እኩዮቼ ሆይ፣ በጂቡቲ፣ በራስ ዲካ የባሕር ዳር፣ በቡላኦስ ጠባብ መንገዶችና በባልባላ የቆርቆሮ ቤቶች አብረን ያረጀን፣ ልጅ ድረን የልጅ ልጅ ያቀፍን ኢትዮጵያውያን ሆይ፣ ይህን የምጽፈው ክፉ ለማሟረት ሳይሆን በወላጆቻችንና በእኛ ቤት ያየሁት ችግር በልጆቻችን ቤት ሲመለስ ስለታየኝ ነው። በየቤታችን አንዱ ደመወዝተኛ ሆኖ ሌላው በራሱ ይሠራል፤ ባል በወደቡ ተቀጥሮ ሚስት ጫት ትቸረችራለች፣ ወይም እሷ በውል ተቀጥራ እሱ የራሱን ታክሲ ይነዳል። የተቀጠረው ሥራ ይጻፋል፤ የራስ ሥራው ግን ከእጅ ወደ አፍ ነው እየተባለ ሳይጻፍ ዓመታት ያልፋሉ። ጉዳቱም ከሁለት ወገን ይመጣል፤ እርዳታ በሚጠየቅበት ቀን የተደበቀው ገቢ ይቆጠራል፣ ጡረታ በሚጠየቅበት ቀን ግን ያው ገቢ እንዳልነበረ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ ጂቡቲን ከአዲስ አበባ ያገናኘው የምድር ባቡር በደህናው ዘመን ስንቱን ቤት እንደቀለበ ታውቃላችሁ። ወንዱ በሐዲድ ጥገናው፣ በመጋዘኑ፣ በትኬት መስኮቱ ተቀጥሮ ከደመወዙ ለጡረታ ይቆረጥለት ነበር፤ ሴቷ በዚያው ባቡር ከድሬዳዋ አትክልት፣ ከዚህ ደግሞ ጨርቅና ሽቶ እያመላለሰች ብዙ ጊዜ ከባሏ ደመወዝ የበለጠ ወደ ቤት ታስገባ ነበር። የእሷ ድካም ግን በየትኛውም መዝገብ አልሰፈረም። እ.ኤ.አ. በ1977 ጦርነት መስመሩን ሲቆርጠው፣ ኋላም ባቡሩ አርጅቶ ጉዞው እየተቋረጠ ሲሄድ፣ ንግዷ ከእጇ ወጣ። ሕጋዊ ሚስት የነበረችው ባሏ ሲሞት የሟች ድርሻ ደርሷት አደረች፤ የተፋታችው ግን፣ ወይም ያለ ጋብቻ ወረቀት በልማድ ብቻ አብራ የኖረችው፣ ዕድሜዋን ሙሉ ስትነግድ ኖራ ልጅ ደጅ ላይ ቀረች። ከነዚያ ሴቶች ብዙዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ ስማቸውን አላነሣም፣ ልጆቻቸው በመካከላችን አሉና። አዲሱ ባቡር ከናጋድ እየተነሣ ቢያልፍም ያን የሴቶች ንግድ መልሶ አላመጣውም።

ዛሬ በዚህች አገር ያኔ ያልነበረ በር ተከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሁለት የቀድሞ ተቋማት ተዋህደው ሁላችን ሴኤንኤስኤስ የምንለው የማኅበራዊ ዋስትና ካዝና ቆመ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ለሁሉም የሚሆን የጤና መድን በሕግ ታወጀ። መድኑ ሁለት ክንፍ አለው፤ አንደኛው መዋጮ ለሚከፍሉ፣ ሁለተኛው መክፈል ለማይችሉ ችግረኞች ነው። ችግረኛነት የሚመዘነው ደግሞ በአንድ ሰው ኪስ ሳይሆን በቤተሰቡ ሁኔታ ነው። እንግዲህ ባል ሥራ አጥቶ ቤቱ በችግረኛነት ተመዝግቦ ሳለ ሚስት ሻይ ማፍላት ጀምራ ቀን ከወጣላት፣ የእሷ ገቢ የቤቱ ገቢ ነው። ይህን መደበቅ ብልሃት የሚመስላቸው ልጆች አሉን፤ እኛም አይተን እንዳላየን እናልፋለን። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ ከተማዋን በዘጋ ጊዜ የዕለት ገበያቸው የቆመባቸውን ሰዎች አየሁ፤ ሲደብቁት የኖሩት ሥራ ጠፋብን ብለው የሚያሳዩት አንድ ወረቀት እንኳ አልነበራቸውም።

ለንደን የተሻገሩት ልጆቻችንም ከዚህ ፈተና አላመለጡም፤ እንዲያውም እዚያ ቁጥጥሩ ይጠብቃል። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚሉትን ድጎማ ባልና ሚስት የሚጠይቁት በአንድነት ነው፤ የሁለቱ ገቢ ይደመራል፣ የሁለቱ ቁጠባ ተደምሮ ከ16,000 ፓውንድ ካለፈም ድጎማው ይቀራል። አንደኛው የራሱን ሥራ ሲጀምር ገቢና ወጪውን በየወሩ ማሳወቅ አለበት። ለጀማሪ የሚሰጠው የ12 ወር ጊዜ ካለፈ በኋላ፣ ያገኘው ጥቂት ቢሆንም እንኳ በዝቅተኛው የደመወዝ መጠን ተሰልቶ ይህን ያህል ማግኘት ነበረብህ ይባላል፤ ድጎማውም በዚያው ልክ ይቀነሳል፣ የሚጎድለውም ከሁለቱም ማዕድ ነው። ሳያሳውቁ የተቀበሉት ትርፍ ገንዘብ ተመልሶ ይጠየቃል፤ ዕዳው ሲመጣ ባል ሚስትን፣ ሚስት ባልን እየከሰሰ ትዳር ሲናጋ በስልክ የሰማን ወላጆች ጥቂት አይደለንም።

አገር ቤት ልጅ ወይም እህት ያላችሁ ደግሞ ይህን ንገሯቸው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ 715 ሲመሠረት በራሳቸው ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎችም በፈቃዳቸው እንዲገቡ መንገድ ተከፍቷል። ለተቀጣሪ፣ ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 ከመቶ ያዋጣሉ፤ ብቻውን የሚሠራ ሰው ግን አሠሪ የለውምና ሸክሙ ሁሉ በእሱ ትከሻ ላይ ነው። ከባድ መሆኑን አልክድም፤ ለዚህም ነው ባልና ሚስት ተመካክረው ከቤቱ ገንዘብ አብረው ሊሸከሙት የሚገባው። የሟች ሚስት የምታገኘው የባሏን አበል ግማሽ ብቻ መሆኑን ያላወቁ ብዙ ናቸው፤ የራሷ መዋጮ ያላት ሴት ግን የራሷን ትጠይቃለች።

ስለዚህ ልጆቻችሁን ሰብስቡና ጠይቁ። ጋብቻው በወረቀት የጸና ነው ወይ? በራሱ የሚሠራው ወገን ሥራውን አስመዝግቧል ወይ? ገቢና ወጪውን የሚጽፍበት ደብተር አለው ወይ? ገቢው ሲለወጥ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በጊዜው ተናግሯል ወይ? ያፍራሉ ብላችሁ አትተዉት፤ የሚያፍሩት አሁን ከሆነ ገና ይታረማል። በአገር ቤቱ ሕግ ለጡረታ የሚያበቃው ዘመን ቢያንስ 10 ዓመት ነው፤ የጡረታ ዕድሜውም 60 ነው፤ ዛሬ 50 ዓመት የሞላት ነጋዴ ይህን ለመሙላት የሚበቃ ዕድሜ አላት፣ የ52 ዓመቷ ግን አምልጧታል። በቤታችሁ ከ50 ያላለፈች ካለች ዛሬ ማታ አናግሯት።